ዕፅዋትም ሌሊትና ቀን ይተነፍሳሉ



ሕይወት ስላላቸው ፍጥረቶች አተነፋፈስ በትምህርት ቤት ከተማርነው ሁሉ በአእምሯችን ጸንቶ የቀረው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። እርሱም «እንስሳት ኦክሲጅን ያስገባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ፤ ዕፅዋት ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ለጆሮ የሚጥም፣ ለማስታወስም የሚቀል ነው። ሁለቱ ወገኖች እንደ መልካም ጎረቤታሞች አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ የሚኖሩ መሆናቸውን ስለሚያሳይ አስተማሪውንም ተማሪውንም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የያዘው እውነት ግማሹን ብቻ ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከፍጹም ስሕተት ይልቅ ይጎዳል፤ ፍጹም ስሕተት ቶሎ ይታወቃልና፤ ግማሹ ግን እውነት መስሎ ብዙ ዘመን ይቀመጣል።

የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ቀሪውን ግማሽ ማቅረብ ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ ዕፅዋትም እንደ እንስሳት ኦክሲጅን አስገብተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ። ይህንንም የሚያደርጉት በሌሊት ብቻ ሳይሆን በቀንም፣ በቅጠላቸው ብቻ ሳይሆን በሥሮቻቸውም፣ በግንዳቸውም፣ በፍሬያቸውም፣ በዘራቸውም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሚተነፍሱት አየር ሳይሆን በመተንፈሻው መሣሪያና በአሠራሩ ነው። ይህን አለማወቅ ደግሞ በፈተና ጥቂት ነጥብ ከማሳጣት አልፎ ችግኝ ያደርቃል፤ እህል ያበሰብሳል፤ አልፎ አልፎም የሰው ሕይወት ያጠፋል።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ለይተን እንወቅ። በአማርኛ «ተነፈሰ» ስንል ወዲያው በዓይናችን የሚታየን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል፣ አየርም በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ነው። ይህ ግን የነገሩ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። አየሩ የሚገባው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩም የሚፈጸመው አካል በተሠራባቸው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ከምግብ የተገኘው ስኳር ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ከመቃጠሉም ለሥራ የሚሆን ኃይል ይገኛል፤ የሚተርፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ሊቃውንት እስትንፋስ የሚሉት በተለይ ይህን የውስጥ ሥራ ነው። እንግዲህ ደረት የሌለው ፍጥረት አይተነፍስም ማለት፣ ምድጃውን ሳያዩ በጢስ መውጫው ብቻ መፍረድ ነው።

እስትንፋስ ነበልባል የሌለው ቃጠሎ መሆኑን በልክ ያሳዩት ላቮዋዚዬና ላፕላስ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። እነርሱም በ1783 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በረዶ በከበበው ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። ከሰውነቷ የወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንዳቀለጠ ለኩ፤ የምታወጣውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚቃጠል ከሰል ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የእንስሳ ሙቀት ከእስትንፋስ የሚመጣ መሆኑን ተረዱ።

ይህ የውስጥ ቃጠሎ እንዳይቋረጥ እንስሳት ኦክሲጅኑን ወደ ውስጥ የሚያደርሱበት ልዩ ልዩ መሣሪያ አላቸው። ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ከሚገባው አየር ውስጥ ኦክሲጅኑ ከመቶ 21 እጅ ያህል ሲሆን፣ በሚወጣው አየር ውስጥ ግን ወደ 16 እጅ ይወርዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከመቶ 0.04 እጅ ተነሥቶ 4 እጅ ያህል ይደርሳል። ኦክሲጅኑ ከሳንባ ወደ ደም ይሻገራል፤ በደም ውስጥም ሄሞግሎቢን የተባለው፣ ብረት ያለበት ቀይ ነገር ይሸከመዋል፤ ልብም እየገፋ ከራስ ጠጉር ሥር እስከ እግር ጥፍር ያደርሰዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ያውቃል፤ ዐውቆም አተነፋፈሱን ያፈጥናል። ደረጃ የወጣ ሰው የሚያለከልከው ስለዚህ ነው።

ዓሣ ሳንባ የለውም፤ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ ይቀበላል። ንብና አንበጣ በሆዳቸው ጎንና ጎን ባሉት ቀዳዳዎች አየር ያስገባሉ፤ አየሩም በቀጫጭን ቧንቧዎች ተከፋፍሎ እስከ ሕዋሳቱ ድረስ ይገባል። የመሬት ትል በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። የሁሉም በር ይለያያል፤ በውስጥ የሚቃጠለው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ዕፅዋት እንመለስ፤ ስሕተቱም ከየት እንደ ተነሣ እንመልከት። በ1771 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና ሊቅ፣ ሻማ ነድዶ የጠፋበትን የታፈነ አየር ወስዶ በውስጡ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻማ ቢያስገባ እንደ ገና ነደደ። ዕፅዋት የተበላሸ አየር ያድሳሉ የሚለው ዕውቀት ከዚህ ተጀመረ፤ እጅግም ታላቅ ዕውቀት ነበር። ነገር ግን ፈተናው ሁልጊዜ እኩል ውጤት አልሰጠም፤ አንዳንድ ጊዜ ተክሉ አየሩን በማደስ ፈንታ ይብሱን ያበላሸው ነበር።

የዚህን ምክንያት ያገኘው ያን ኢንገንሃውስ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አየሩን የሚያድሰው አረንጓዴው የተክል ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው። በጨለማ ግን ቅጠሉም፣ አረንጓዴ ያልሆነው ክፍል ደግሞ በማናቸውም ጊዜ፣ እንደ እንስሳ አየርን ይበክላሉ። በ1804 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔቫው ተወላጅ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱር በጥንቃቄ እየለካ፣ ተክል የሚያድገው ከአየር በሚወስደው ካርቦንና ከሥር በሚወስደው ውሃ መሆኑን፣ ለመኖርም ኦክሲጅን የሚያስፈልገው መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ዛሬም በብዙዎቻችን አፍ የሚነገረው የተቃራኒነት ነገር፣ ሊቃውንቱ ካረሙት ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ታዲያ ተክል ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎችን እንዴት አጣምሮ ይሠራል? ለመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ለማስረዳት ከሂሳብ መዝገብ የተሻለ ምሳሌ የለም። በመዝገቡ ግራና ቀኝ ገቢና ወጪ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ተክልም ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ነው፤ አረንጓዴው ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አጣምሮ ስኳር ይሠራል፤ ኦክሲጅንም ይለቃል። ወጪው እስትንፋስ ነው፤ ተክሉ ከሠራው ስኳር ላይ ለማደግ፣ ለማበብ፣ ለማፍራትና ሕይወቱን ለመጠበቅ እየወሰደ ያቃጥላል፤ ለዚህም ኦክሲጅን ይወስዳል። ገቢው በቀን ብቻ የሚገባ ነው፤ ወጪው ግን ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። በጠራራ ፀሐይ ገቢው ከወጪው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የሚታየው ኦክሲጅን ሲወጣ ብቻ ነው፤ ወጪው በገቢው ተሸፍኖ ተሰውሯል እንጂ አልቀረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ገቢው ይዘጋል፤ ወጪው ብቻ ይታያል። «ተክል በቀን አንድ ዐይነት፣ በሌሊት ሌላ ዐይነት ይተነፍሳል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ሰው ወጪ የለውም እንደ ማለት ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። በልዩ ልዩ ዕፅዋት ላይ የተደረገው ልክ እንደሚያሳየው፣ ተክል በብርሃን ከሠራው ስኳር ውስጥ ግማሽ ያህሉን ራሱ መልሶ በእስትንፋስ ያቃጥለዋል። እኛ የምንበላውም፣ የምንለብሰውም፣ የምናነደውም ከቀሪው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያለ ሊቅና ያለ መሣሪያ በቤታችሁ ለመፈተን ትችላላችሁ። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ካለ ብቅል ይታወቃል። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ መብቀል ሲጀምር እጃችሁን ወደ ውስጡ ብትሰዱ ይሞቃል። እሳት አልተነካውም፤ ፀሐይም አልመታውም። ሙቀቱ የመጣው ከራሱ ከዘሩ ነው። በውስጡ ተጠራቅሞ የቆየውን ምግብ ለመብቀል ሲል በችኮላ እያቃጠለው ነውና። ላቮዋዚዬ በበረዶ የለካውን እናቶቻችን በመዳፋቸው ሲለኩት ኖረዋል።

በውስጥ ያለው ሥራ አንድ ለመሆኑ ሌላም ማስረጃ አለ። በ1937 ዓ.ም. ሃንስ ክሬብስ የተባለው ሊቅ በርግብ የደረት ጡንቻ ላይ ባደረገው ምርምር፣ ሕዋሳት የምግቡን ካርቦን እየከፋፈሉ የሚያቃጥሉበትን የዙር መንገድ አገኘ፤ ለዚህም በ1953 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በርግብ ጡንቻ የተገኘው ይኸው መንገድ በዕፅዋትም ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል። ሥራው የሚፈጸምባቸው ማይቶኮንድሪያ የተባሉት ጥቃቅን ክፍሎችም በሁለቱም ወገን አሉ።

እንግዲህ ልዩነታቸው የት ላይ ነው? በአራት ነገር ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛ፣ ተክል ሳንባም፣ ስንጥብም፣ አየር የሚስብ ጡንቻም የለውም። በቅጠሉ ላይ፣ በተለይም በታችኛው ገጽ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ በብዙ ዕፅዋት ቅጠል በአንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከመቶ በላይ ይገኛሉ። እንደ ከንፈር የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው። በግንድ ቅርፊት ላይም አየር የሚያስገቡ፣ ነጠብጣብ የሚመስሉ ክፍተቶች አሉ። ሥሩ ደግሞ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር በለስላሳ ገጹ ይቀበላል።

ሁለተኛ፣ ተክል ኦክሲጅን የሚያዳርስ ደምና ልብ የለውም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ ይተነፍሳል። የሰው እግር ራሱ አየር ባይስብም በሳንባ የገባው ይደርሰዋል፤ የተክል ሥር ግን ቅጠሉ በአየር ውስጥ ሲወዛወዝ ቢውል የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ለሥሩ አየር የሚሰጠው አፈሩ ነው። እንደ ሩዝ ያሉት በውሃ ውስጥ የሚበቅሉት ብቻ ከቅጠላቸው እስከ ሥራቸው የሚወርድ ሰፊ የአየር መንገድ አላቸው።

ሦስተኛ፣ የተክል ቃጠሎ ከእንስሳ ቃጠሎ ይልቅ የዘገየ ነው። ተክል አይሮጥም፤ አይበርም፤ እንደ ሰውና እንደ ወፍ የአካሉን ሙቀት በአንድ ልክ አይጠብቅም። ቅዝቃዜ ሲሆን እስትንፋሱ ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲሆን ይጨምራል። በመጠነኛ ሙቀት ውስጥ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ያህል እንደሚሆን ተለክቷል።

አራተኛ፣ ኦክሲጅን ሲጠፋ የሚከተሉት መንገድ ይለያያል። በኃይል የሚሮጥ ሰው ጡንቻ የሚደርሰው ኦክሲጅን ሲያንስ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። የታፈነ የተክል ሥር ግን ባብዛኛው የሚያወጣው አልኮል ነው፤ ይህም በጋን ውስጥ ያለው እርሾ ጠላውን ሲያፈላ የሚሠራው ያው አልኮል ነው። እርሾ ዛሬ ከዕፅዋትም ከእንስሳትም ወገን አይቆጠርም፤ በዚህ ጠባዩ ግን ከታፈነው ሥር ጋር ይመሳሰላል። በሁለቱም ወገን ያለ አየር የሚገኘው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሰውም ተክልም በዚህ መንገድ ብዙ ሊቆይ አይችልም።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ በኑሮ ላይ ሲውል ምን ጥቅም እንዳለው ደግሞ እንመልከት።

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት አጠገብ በቆርቆሮ ወይም በሸክላ የተተከለ አበባ አይጠፋም። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሞቱት በውሃ ጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ከሌለው፣ በየጠዋቱ የሚፈስሰው ውሃ የአፈሩን አየር አስወጥቶ በቦታው ይቀመጣል፤ ሥሩም ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ የሚያየው ሰው የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርበታል። ተክሉ የሚጮኸው «አየር ስጡኝ» እያለ ነው፤ የሚሰጠው ግን ውሃ ነው። ይኸው ነገር በሰፊው ሲሆን በደጋው አገራችን መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር መሬት ላይ ይታያል። በክረምት ውሃ ሲያቁር ስንዴው ይገረጣል። ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ቢችለውም ወሰን አለው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች አፈሩን በእጃቸው እያነሡ ከፍ ያለ መደብ የሚሠሩትና በመካከሉ ቦይ የሚያወጡት፣ ውሃውን አሳልፈው ለሥሩ አየር ለማስገኘት ነው። የሳይንሱን ስም ባይጠሩትም ሥራውን በሚገባ ያውቁታል።

ከግንዱ የተለየ ፍሬም ወዲያው አይሞትም። ከገበያ ገዝታችሁ ያመጣችሁት ሙዝ፣ ቲማቲምና ድንች ሁሉ በቅርጫታችሁ ውስጥ ሆነው ይተነፍሳሉ። ገቢያቸው ከተዘጋ በኋላ ካጠራቀሙት ላይ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ሲያልቅባቸው ይጨማደዳሉ፤ ይለሰልሳሉ፤ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ አየር በማይወጣበት ላስቲክ አፍኖ በሙቀት ማኖር ጉዳቱ ድርብ ነው። አየር አጥቶ የተከመረ ድንች ከውጭ ደኅና መስሎ ውስጡ ይጠቁራል። ወደ ውጭ አገር የሚላከው አበባችንም ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በቀዝቃዛ ክፍልና በቀዝቃዛ መኪና የሚጓጓዘው እስትንፋሱ እንዲዘገይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የእህል ነገር ነው። በጎተራ ያለ እህል እንደ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለናል። እርሱ ግን ሕያው ዘር ነው፤ ዘርም ይተነፍሳል። በሚገባ የደረቀ እህል እስትንፋሱ ከቁጥር የማይገባ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እርጥበቱ ለአብዛኛው ሰብል በደኅንነት ለማስቀመጥ ከተወሰነው ልክ፣ ማለት ከመቶ 13 እጅ ያህል ሲያልፍ ግን፣ ዘሩም፣ ሻጋታውም፣ ነቀዙም በአንድነት መተንፈስ ይጀምራሉ። እስትንፋስ ደግሞ ውሃና ሙቀት ይሰጣል፤ ውሃውና ሙቀቱም እስትንፋሱን ይጨምራል። በዚህ ዐይነት እህሉ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይበላሻል። ሳይደርቅ የገባ እህል በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚሸተውና የሚግለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሐረርጌና በሌሎችም ቦታዎች ማሽላን በመሬት ጉድጓድ የማስቀመጥ የቆየ ልማድ አለ። ጉድጓዱ በሚገባ ሲደፈን በውስጡ ያለው እህል፣ ሻጋታና ነቀዝ የነበረውን ኦክሲጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ በቦታውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ያን ጊዜ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ እህሉ ግን ይተርፋል። ይህ የአባቶች ብልሃት ነው። ዛሬ በአገራችን ገበያ የሚሸጠው፣ ሁለት የላስቲክ ከረጢት በውስጡ ያለው ድርብርብ ማዳበሪያም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ነገር ግን ነቀዝን የሚገድል አየር ሰውንም ይገድላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተራ አየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ጉድጓዱ ቢከፈትም በቀላሉ ተነሥቶ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ከሥር ይተኛል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። መጠኑ በአየሩ ውስጥ ከመቶ 10 እጅ ሲደርስ ሰው ቶሎ ራሱን ይስታል። ወደ ታች የወረደው ሰው ሳይጮህ ይወድቃል፤ ወንድሙ ወይም ልጁ ሊያወጣው ተከትሎ ይገባል፤ እርሱም በላዩ ይወድቃል። በእንዲህ ያለው አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሊያድን የገባውም ጭምር ነው።

ሕዝቡ ይህን ሞት በልዩ ልዩ ስም ሊጠራው ይችላል። አጋንንት መታው፣ የጉድጓዱ ጌታ ያዘው ሊል ይችላል። የያዘው ግን የእህሉ እስትንፋስ ነው። «ተክል ኦክሲጅን የሚሰጥ ነው» ብሎ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ሊጠረጥር አይችልም፤ እህል የተሞላ ጉድጓድ ንጹሕ አየር ያለው ይመስለዋልና። ግማሽ እውነት ይጎዳል ያልነው ይህን የመሰለውን ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሁሉ ሰው ሊያውቀው ይገባል። የተደፈነ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ወዲያው አይገባም፤ ክፍት ሆኖ ብዙ ጊዜ መቆየት፣ አየሩም ከውጭ ሆኖ በማራገብ መለወጥ አለበት። በገመድ የወረደ መብራት ከጠፋ በዚያ ውስጥ ሰው አይኖርም፤ መብራቱ ስላልጠፋ ብቻ ግን ደኅና ነው ማለት አይቻልም። የሚገባውም ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከላይ ጎትተው ሊያወጡት የሚችሉ ሰዎች ገመዱን ይዘው መቆም አለባቸው። አንድ ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ በገመዱ መሳብ፣ አየር ማስገባት፣ ርዳታ መጥራት ነው እንጂ።

በከተማ ለምንኖረው ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። «አበባ በሌሊት አየር ይሻማል» በማለት፣ ማታ ማታ የአበባውን ዕቃ ከመኝታ ቤት የሚያወጡ ብዙዎች ናቸው። ተክሉ በሌሊት ኦክሲጅን መውሰዱ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ኢምንት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አንድ ሰው በየደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይወስዳል፤ በመስኮት ላይ ያለች አንዲት ትንሽ አበባ ከዚህ ጋር አትነጻጸርም። አበባ ካስፈራን አብሮን የሚተኛው ወንድማችን ይልቁን ባስፈራን ነበር። የሚያሳዝነው ግን፣ አንዳንዱ ሰው አበባውን አውጥቶ በክረምት ቅዝቃዜ ፍሙ ያልጠፋ የከሰል ማንደጃ ያስገባና በሩን ይዘጋል። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ይህም መርዝ በደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሳንባው አየር እየሳበ ሳለ ደሙ የሚሸከመው ኦክሲጅን አጥቶ፣ ሰው በእንቅልፉ እንዳለ ይሞታል። የሰው እስትንፋስ በደም ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ደሙን የያዘ ሁሉን ይይዛል። እንግዲህ የሚወጣው ማንደጃው ነው፤ አበባው በቦታው ይቆይ።

ክቡራን አንባብያን፣ አብዛኞቻችን በከተማ ደመወዝተኞች ብንሆንም፣ በባላገር እናት፣ አባት፣ አጎት ወይም አክስት የሌለን ጥቂቶች ነን። ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ፣ ወይም ዘመድ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፣ ስለ ጉድጓዱ ነገር ሳትነግሩት አትለያዩ። «እህሉ ይተነፍሳል» ብላችሁ ስትነግሩት ቢስቅ፣ ስለ ብቅል ሙቀት አስታውሱት፤ ወዲያው ይገባዋል። በቤታችሁም ልጆቻችሁ «ዕፅዋት ተቃራኒውን ይተነፍሳሉ» ብለው ሲያጠኑ ብትሰሙ፣ መጽሐፋቸውን ሳትነቅፉ ገቢውንና ወጪውን ለይታችሁ አስረዱአቸው። የሚተነፍስ ሁሉ አየር ይፈልጋል፤ ሥሩም፣ ፍሬውም፣ ዘሩም፣ ሰውም። ለእያንዳንዱ እንደሚገባው አየሩን መስጠት የእኛ ፈንታ ነው።